የክረምት የንባብና የጽሕፈት ትምህርት በደብረ ማርቆስ፦ ምን ያስተምራል፣ ምን ይጎድለዋል?

በደብረ ማርቆስ ክረምት ሲገባ «የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየሰፈሩ ይለጠፋሉ። አብዛኞቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ናቸው። ይህን ግምገማ የምጽፍለት ቤት ግን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉ ልጆች የአማርኛ ንባብና ጽሕፈት ብቻ ያስተምራል። የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርትና አንድ ወጣት ረዳታቸው ናቸው፤ በአንድ ክፍል ከ12 ልጅ በላይ አይቀበሉም። ትምህርቱ በሐምሌና በነሐሴ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ሲሆን ክፍያው በወር 700 ብር ነው። ሁለተኛ ክፍልን ያጠናቀቀች ልጄ ዘንድሮ ክረምቱን በሙሉ እዚያ ተምራለች።

ያስመዘገብኋት በካርዷ ላይ ጥሩ ውጤት ይዛ እያለ ቀድማ ያላየችውን ጽሑፍ ማንበብ ስላቃታት ነው። ከመማሪያ መጽሐፏ ያለውን ምንባብ በቃሏ ትወጣዋለች፤ ሌላ ወረቀት ሲቀርብላት ግን ትቆማለች። ይህ የአንዲት ልጅ ችግር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተካሄደው የንባብ ክህሎት ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተዋል፤ በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግርም እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል።

ቤቱን ከሌሎቹ የሚለየው መምህርቷ ልጅ ሲመጣላቸው በመጀመሪያው ቀን የሚያደርጉት ነገር ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው፣ በድምሩ 231 ሆሄያት የያዘው የተለመደው የፊደል ገበታ ተሰቅሏል። እሳቸው ግን ልጁን ከ«ሀ» አያስጀምሩትም። መካከሉ በአንድ ፊደል ልክ የተቀደደ የካርቶን ቁራጭ ገበታው ላይ ያሳርፉና በቀዳዳው የምትታየውን አንዲት ፊደል ብቻ «ይቺ ማን ናት፣ የኔ ልጅ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጄ «ጎ» ስትመጣባት ወዲያው አልመለሰችም፤ ጣቶቿን እያጠፈች በሹክሹክታ «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ፣ ጌ፣ ግ» ብላ ቆጥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ነው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጎ» ያለችው። መምህርቷ ወደ እኔ ዞር ብለው «ዜማውን እንጂ ፊደሉን ገና አላወቀችውም፤ አይዞዎት፣ ብዙዎቹ እንዲህ ሆነው ነው የሚመጡልኝ» አሉኝ። እያንዳንዱን ሆሄ በቆጠራ የሚፈልግ ልጅ የቃሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል፤ ዐረፍተ ነገሩን መረዳትማ ጨርሶ አይታሰብም።

ጎጃም ዲማንና ዋሸራን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ያሉበት አገር ነውና የእኛ የኔታዎች ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ከ«ሀ ሁ» በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ከፊደል ወደ ፊደል፣ ከዘር ወደ ዘር እየዘለለ የሚቆጥረው ፊደሉን ከተራው አላቅቆ በመልኩ እንዲለየው ነው፤ ኋላም ግዕዝ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ የሚባሉትን የንባብ ደረጃዎች እየተሻገረ ንባቡን ያቀናል። መምህርቷ የካርቶኑን ዘዴ ከዚህ ወስጄዋለሁ አላሉም፤ እኔ ግን ዝምድናው ጎልቶ ይታየኛል። ዘመናዊው ክፍል ፊደልን በዜማ ማስጠናቱን ይዞ አቡጊዳውን መተዉ ልጆቻችንን የጎዳ ይመስለኛል።

ፊደል መለየት ከተቻለ በኋላ ሥራው ወደ ቃል ይሻገራል። ልጆች የሚያምታቷቸው «ለ» እና «ሰ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ደ» እና «ጀ» ጎን ለጎን እየተጻፉ ይለማመዷቸዋል። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንዴ ሳይዝ እንደሚነበብም «ብርድ» በመሳሰሉ ቃላት እጃቸውን እያጨበጨቡ ይማራሉ። የጠበቀና የላላ ድምፅ በጽሕፈታችን ምልክት ስለሌለው «አባቴ ገና አልመጣም» እና «የገና ጨዋታ» የሚሉትን እያስነበቡ ልጁ አነባበቡን ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ እንዲያገኘው ያደርጋሉ። ይህ በትምህርት ቤት ሲሠራ አላየሁም፤ ልጄ በምትማርበት ክፍል ተማሪው ብዙ በመሆኑ ድምፅን አውጥቶ የማንበብ ተራ በሳምንት አንዴ ቢደርስ ነው።

ምንባቦቹን መምህርቷ ራሳቸው በጠንካራ ወረቀት ላይ በእጃቸው ጽፈዋቸዋል። ከግማሽ ገጽ አይበልጡም፤ የሚያወሩትም ስለ አውድማ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ጮቄ ብርድና ስለ ድንች እርሻ ነው። አንዱ ምንባብ በጉም ውስጥ በጎቹ ስለጠፉበት እረኛ ይተርካል። ልጁ ከጓደኛው ጋር እየተቀባበለ ደጋግሞ ካነበበው በኋላ መጀመሪያ ማን፣ የት፣ መቼ ተብሎ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ «እረኛው ጉብታው ላይ ለምን ወጣ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ በምንባቡ ውስጥ አልተጻፈም። ልጄ ጥቂት አሰብ አድርጋ «ከላይ ሆኖ እንዲታዩት ነዋ!» ስትል ስሰማ የከፈልሁት ገንዘብ ዋጋ እንዳገኘ ተሰማኝ።

ጽሕፈት ላይ ግን ቤቱ የንባቡን ያህል አይሠራም። በየዕለቱ የቃል ጽሕፈት አለ፤ ይህ መልካም ነው። የእጅ ጽሕፈት ልምምዱም የልጄን ፊደላት ከመስመር ላይ አሳርፎላታል። ከዚህ ውጭ ያለው ጊዜ ከሰሌዳ በመገልበጥ ያልቃል። ደብተሯ በሚያምር ጽሕፈት የተሞላ ነው፤ ከራሷ የመጣ አንድም ዐረፍተ ነገር ግን አይገኝበትም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለ አያቷ ሦስት ዐረፍተ ነገር እንድትጽፍልኝ ብጠይቃት «አባየ፣ ከየት ልገልብጥ?» አለችኝ። ያነበበችውን የእረኛ ታሪክ ዘግታ በራሷ ቃላት እንድትጽፈው ቢደረግ፣ ወይም በየቀኑ ስለ ውሎዋ አንድ ዐረፍተ ነገር እንድትጽፍ ብትጠየቅ ኖሮ ሁለት ወር ብዙ ይሠራ ነበር። በዚህ ላይ «ሐ»ን በ«ሀ»፣ «ሠ»ን በ«ሰ» ለውጦ የጻፈ ልጅ ነጥብ ይቀነስበታል። የሞክሼ ፊደላትን ሥርዓት መጠበቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይሁንና ድምፁን በትክክል ሰምቶ የጻፈ የሰባት ዓመት ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ሲሰረዝበት ቀጥሎ የሚጽፈው የሚያውቀውን ቃል ብቻ ይሆናል። እርማቱ ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል ቢቆይ እመርጣለሁ።

ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ድምፅን አውጥቶ ማንበብ ይቋረጣል፤ ወንበሮቹም ለትንንሾቹ ከፍ ይላሉ። እነዚህን እታገሣለሁ። ያሳዘነኝ መደርደሪያው ላይ ያሉት የልጆች መጻሕፍት ወደ ቤት የማይሰጡ መሆናቸው ነው። ይጠፋሉ ተብሎ መሰጋቱ ይገባኛል፤ የልጆች መጽሐፍ በከተማችን እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን ወላጅ መያዣ አስይዞ፣ ቅዳሜ ወስዶ ሰኞ የሚመልስበት መንገድ ቢኖር ልጁ ያገኘውን ችሎታ በቤቱ ያጸናዋል።

በእኔ ግምት ትምህርቱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ላለ፣ ፊደል ለሚያምታታ ወይም ቃል እየቆራረጠ ለሚያነብ ልጅ ክፍያው የሚገባው ነው። አቀላጥፎ ለሚያነብ የአራተኛ ክፍል ልጅ ግን አልመክረውም፤ እሱ የሚያስፈልገው ድርሰት ነው፣ እዚህ አያገኘውም። ምዝገባው በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ይጀመርና ቦታው ቶሎ ይሞላል። የምታስመዘግቡ ወላጆች ልጆቻችሁ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከራሳቸው አመንጭተው እንዲጽፉ መምህርቷን ጠይቁ፤ እኔ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስጠይቃቸው ሐሳቡን በደስታ ነው የተቀበሉት።