ማስጠንቀቂያ፦ ኮሞዶር 64 «ከነኦሪጅናል አዳፕተሩ» ልትገዙ ያሰባችሁ ይሄን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

ወገኖች ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ። እንግሊዝ ሀገር የምትኖሩ፣ በልጅነታችሁ ስፔክትረም ወይ ኮሞዶር የሚባሉትን የድሮ የቤት ኮምፒውተሮች ነክታችሁ አሁን ናፍቆቱ የተነሳባችሁ ካላችሁ እነዚህን የድሮ ጌም ሱቆች በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩ ካርቶኖች፣ ግድግዳው ላይ የ80ዎቹ መጽሔት ሽፋን፣ ከኋላ ዝቅ ብሎ የሚጫወት የጌም ሙዚቃ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ደግሞ «ፉሊ ቴስትድ» (ሙሉ በሙሉ ተፈትሿል) የሚል ቢጫ ወረቀት። እኔ ያንን ወረቀት አምኜ ከ200 ፓውንድ በላይ ከፍዬ የወጣሁበት ማሽን ቤት ገብቶ አንድ ጌም እንኳን ሳያስጨርሰኝ ሞተ፣ የሚያናድደኝ ደግሞ መሞቱ አይደለም፣ አሮጌ ዕቃ ይሞታል፣ የሚያናድደኝ እንደሚሞት እያወቁ ነው የሸጡልኝ።

ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። እኔ የስፔክትረም ልጅ ነኝ። ቤተሰቦቼ በደርግ ጊዜ ሎንዶን ሲገቡ አባቴ ያገለገለ ስፔክትረም 48ኬ (48 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለውን) ገዛልኝ፣ ያ ላስቲክ ቁልፍ ያለው፣ ጥግ ላይ ቀስተ ደመና የተሰመረበት። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኮሞዶር 64 ነበረው። ሁለቱም በፈረንጆቹ 1982 የወጡ ናቸው፣ ስፔክትረም 16ኬው 125 ፓውንድ 48ኬው 175 ፓውንድ ነበር ሲወጣ፣ ኮሞዶር ግን አሜሪካ በ595 ዶላር ነው የጀመረው፣ የሀብታም ልጅ ዕቃ ነበር ለኛ። በዚህ ጉዳይ ያልተጣላንበት ቀን አልነበረም። ስፔክትረም ላይ 8 በ8 የሆነች ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም፣ ስለዚህ ሰውዬው በዛፍ አጠገብ ሲያልፍ ራሱም አረንጓዴ ይሆናል፣ እሱ በዚህ ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያንተው ሁሉ ነገሩ ቡኒና ግራጫ ነው እለዋለሁ፣ የኔ 3.5 ሜጋኸርዝ ነው ያንተ 1 እንኳን አይሞላም እለዋለሁ (ሁለቱ ቺፖች የተለያዩ ስለሆኑ ቁጥሩን እንዲሁ ማወዳደር እንደማይቻል የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው)። ማኒክ ማይነር የሚባለው ጌም 1983 ላይ መጀመሪያ የወጣው ለኛ ነው እለዋለሁ።

ድምፅ ላይ ግን አፌን ያስይዘኝ ነበር። የኔው ጢጥ ጢጥ የሚል አንድ ቢፐር ብቻ ነው ያለው። የሱ ውስጥ ሲድ የሚባለው ቺፕ አለ፣ ቦብ ያኔስ የሚባል ኢንጂነር የሰራው፣ በአንዴ ሦስት ድምፅ የሚያወጣ፣ ፊልተር ሳይቀር ያለው፣ ያን ጊዜ በዚያ ዋጋ ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም። ኢምፖሲብል ሚሽን የሚባለው ጌም ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ በሰው ድምፅ ሲናገር የሰማሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጌም ሙዚቃ ሰሪው ሮብ ሀባርድ 1985 ላይ ሞንቲ ኦን ዘ ረን ለሚባለው ጌም የሰራውን ሙዚቃ ደግሞ ጌሙን ሳንጀምር ዝም ብለን ቁጭ ብለን እንሰማው ነበር፣ ሁለት የሚጣሉ ልጆች አፋቸውን ዘግተው። የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ 50 ዓመት ይሞላዋል። የሱ ማሽን ቤት ሲቀይሩ ጠፍቷል። እና ካልጠፋ ነገር ኮሞዶር 64 ነው የማመጣለት ብዬ ወሰንኩ፣ እኔው የስፔክትረሙ ልጅ ሳመጣለት ምን እንደሚል ማየት ነበር የፈለግሁት።

ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፣ የኮሞዶር ምልክት ያለበት ቲሸርት ለብሷል። «ቦክስድ፣ ኮምፕሊት (ከነሳጥኑ፣ ሙሉ)፣ ከነኦሪጅናል አዳፕተሩ» ይላል ወረቀቱ። ሞክርልኝ አልኩት። ከባንኮኒው ስር አንድ ቀጭን ጥቁር አዳፕተር ጎተተ፣ ሰካው፣ ሰማያዊው ስክሪን መጣ፣ 38911 ቤዚክ ባይትስ ፍሪ የሚለው ጽሁፍ መጣ። ካርትሪጅ ከትቶ ሙዚቃ ከፈተልኝ፣ ሲዱ ኦሪጅናል ነው፣ ሦስቱም ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ። ከዚያ ማሽኑን ነቅሎ ወደ ሳጥኑ ማስገባት ጀመረ፣ ጆይስቲኩን፣ ካሴት ማጫወቻውን፣ ከዚያ ሌላ አዳፕተር፣ ትልቅ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ። ያ ጥቁሩስ አልኩት፣ ሲሰራ ያየሁት በሱ ነዋ። ቀና እንኳን ሳይል «እሱ የሱቁ ነው፣ ያንተ ኦሪጅናሉ ነው፣ ዋጋውም ለሱ ነው» አለኝ። ኦሪጅናል ሲባል የተሻለው ነው ማለት ነው፣ ማንም ሰው እንደዛ ነው የሚገባው።

ቤት ወስጄ ሰካሁት፣ ሰራ፣ አንድ ጌም መጫን ጀመርኩ፣ መሃል ላይ ስክሪኑ በማይነበብ ፊደል ተሞላ፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ። ቀዩ መብራት እንደበራ ነው፣ ስክሪኑ ግን ጭልም። ብነቅለው ብሰካው ያው ነው። አዳፕተሩን ስነካው ያቃጥላል።

እንግዲህ አሁን የምነግራችሁ ነው ዋናው። ዕቃውን ከነሳጥኑ ከነደረሰኙ ይዤ ተመለስኩ። ያው ልጅ ነው ያለው፣ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ጓደኛው። «እዚህ ሲሰራ በዓይንህ አይተሃል አይደል?» አለኝ። አይቻለሁ አልኩት። «እንግዲያው ቤትህ ወስደህ ምን እንዳደረግከው እኛ ምን እናውቃለን» አለኝ። እሺ አልኩ፣ ያንን ከባዱን አዳፕተር ከሳጥኑ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት፣ እዚያ ጋ ሌላ ኮሞዶር በርቶ ለዕይታ ተቀምጧል፣ በል ይሄን አዳፕተር እዚያኛው ላይ ሰካና አሳየኝ አልኩት። ልጁ እጁን ሰበሰበ። ወደ ጓደኛው ዞረ። ጓደኛው ሳቀ። ከዚያ ልጁ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «አይ፣ እሱን እኛ ማሽን ላይ አንሰካውም» አለኝ። በዚች ቃል! ጓደኛው ደግሞ ቀጠለበት፣ «እነዚህን እኮ ማንም አይሰካቸውም፣ ማሽን እንደሚያቃጥሉ ሰው ሁሉ ያውቃል»።

ታዲያ ለምን ሸጣችሁልኝ አልኩ። «ሰብሳቢዎች ሙሉ ሳጥን ነው የሚፈልጉት፣ አብዛኛው ሰው መደርደሪያ ላይ ነው የሚያስቀምጠው» አለኝ። ወረቀታችሁ እኮ ፉሊ ቴስትድ ነው የሚለው አልኩት። ይሄኔ ልጁ ቃል በቃል እየለየ፣ ቀስ እያለ፣ እንግሊዝኛ ለማይገባው ሰው እንደሚወራው «ማ-ሽ-ኑ ነው ቴስት የተደረገው፣ አዳፕተሩ አይደለም» ብሎ በጣቱ «ያገለገለ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሁፍ አሳየኝ። እሱ ሳይወለድ እዚህ ሀገር የተማርኩ ሰው ነኝ። ያ ማሽን ሲወጣ እኔ ነበርኩ፣ እሱ የለም። ቲሸርቱን ለብሶ ማሽኑን ያውቀዋል፣ ገዳዩን ያውቀዋል፣ ለራሱ የማይሰካውን ለኔ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ስመለስ ደግሞ ሳቁብኝ። ብሩ ሳይሆን ይሄ ነው ውስጤን ያቃጠለው።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ወዳጅ አለኝ፣ እሱ ጋ ወሰድኩት። ኮሞዶር ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ነው የሚፈልገው፣ 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ፣ የድሮው አዳፕተር ውስጡ በጠንካራ ሙጫ የተሞላ ስለሆነ ሙቀቱ አይወጣም፣ ዕቃው ከጊዜ ብዛት ሲበላሽ ዝም ብሎ አይሞትም፣ 5 ቮልቱ ወደላይ ይወጣና የማሽኑን ቺፖች ይዞ ይሄዳል። በቴስተር ሲለካው ከ7 ቮልት በላይ አሳየ። ራሞቹ (የሜሞሪ ቺፖቹ) ሞተዋል። ራም ይገኛል፣ ይቀየራል፣ ሲዱ ግን ዛሬ የሚያመርተው የለም፣ ይትረፍ አይትረፍ ደግሞ ራሙ ካልተቀየረ አይታወቅም አለኝ። ያንን ሱቅ ውስጥ ጥርት ብሎ የሰማሁትን ድምፅ ማለት ነው።

ምክር ለምትሉ፣ ሳጥኑ ውስጥ ባለው አዳፕተር ካልሞከሩላችሁ አትክፈሉ፣ አንሰካም ካሉ ውጡ። ማሽኑ ካላችሁም የድሮውን አዳፕተር ጣሉትና አዲስ የተሰራ ግዙ። ስፔክትረም የምትገዙ ደግሞ የሱ 9 ቮልት ዲሲ ሆኖ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ያገኛችሁትን እንዳትሰኩ። ያገለገለ አይመለስም የሚለው ጽሁፍ አያስፈራችሁ፣ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ከነጋዴ ለተገዛ ያገለገለ ዕቃም ይሰራል፣ ጉድለት ካለው በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ትችላላችሁ። ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ባለሱቁ እምቢ ሲል ባንኩን መጠየቅ ይቻላል። እኔም በካርድ ስለነበር የከፈልኩት የቴስተሩን ፎቶ፣ ደረሰኙንና ቢጫውን ወረቀት አያይዤ ለባንኩ ጽፌያለሁ። መልስ እስኪመጣ የሱቁን ስም በአደባባይ አልጽፍም፣ ሎንዶን ውስጥ ሆናችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።