የ1970ዎቹ የኮንሰርት ፊልሞች፦ ከአምስቱ የትኛው ይገዛ?

ከ1970ዎቹ የኮንሰርት ፊልሞች አንድ ብቻ መግዛት ለሚፈልግ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የአሬታ ፍራንክሊንን «አሜዚንግ ግሬስ» ይግዛ። ሁለት ለሚገዛ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በዚያ ዘመን የተቀረጹት ፊልሞች መጠሪያቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንዳንዶቹ ዘፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሰማሉ። ሌሎቹ መሐል ላይ ቆርጠው ወደ ተመልካቹ፣ ወደ ጎዳናው፣ ሙዚቀኞቹ ወደ ተሳፈሩበት አውሮፕላን ይሄዳሉ። ስለዚህ ገዢ ከዋጋም ከምስል ጥራትም አስቀድሞ የሚፈልገው ዘፈኑን ይሁን ዕለቱን ቢወስን ይሻለዋል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አሜዚንግ ግሬስ» የተቀረጸው ጃንዋሪ 13 እና 14 ቀን 1972 በሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ በተባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሕንፃው ቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበር፤ መብራቱና ሕዝቡ ተደማምረው ያመጡት ሙቀት በሁሉም ፊት ላይ ይታያል። አሬታ ሶል በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ዝናዋ ጣሪያ በነካበት ሰዓት በልጅነቷ አባቷ ቤተ ክርስቲያን ወደ ዘመረችው መዝሙር ተመለሰች። ከኋላዋ ቄስ ጄምስ ክሌቭላንድ ያሰናዷቸው መዘምራን አሉ። በርናርድ ፐርዲ ድራም፣ ቸክ ሬይኒ ቤዝ፣ ኮርኔል ዱፕሪ ጊታር ይጫወታሉ።

ፊልሙ ለእይታ እስኪበቃ 46 ዓመት ፈጅቷል። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ፖላክ በተዋናዮች ፊልም የታወቀ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ቀረጻ ሲጀመር ካሜራ ፊት ተጨብጭቦ ምስልን ከድምፅ ጋር ለማገጣጠም የሚረዳውን ሰሌዳ ሳይጠቀም ቀረ። ምስሉ አለ፣ ድምፁ አለ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ግን ማንም ሊለየው አልቻለም። የድምፁ አልበም በዚያው ዓመት ወጥቶ በሚሊዮን ሲሸጥ ፊልሙ መጋዘን ገባ። ከብዙ ዓመት በኋላ በኮምፒውተር ተገጣጠመ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ አሬታ ራሷ በፍርድ ቤት አሳገደችው። ለሕዝብ የታየው በኖቬምበር 2018፣ እርሷ ባረፈች በሦስተኛው ወር ነው።

ገዢው ይህን ታሪክ ቢያውቅ አይጎዳም፤ የፊልሙ ጉድለትም ውበትም ከዚያው ይመነጫልና። ካሜራው አንዳንድ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ፖላክም እጁን እያወናጨፈ ባለሙያዎቹን ሲያዝዝ ይታያል። ቃለ ምልልስ የለም። አሬታም ከመዝሙሩ ውጪ የምትናገረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በሁለተኛው ሌሊት አባቷ ፓስተር ሲ ኤል ፍራንክሊን መጥተው ስለ ልጃቸው ይናገራሉ፤ ቆየት ብለውም ፒያኖ ላይ ተቀምጣ ስትዘምር ቀርበው የፊቷን ላብ በመሐረብ ይጠርጉላታል። ለፊልሙ ስሙን በሰጠው መዝሙር መሐል ላይ ክሌቭላንድ አልችል ብለው ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። እነዚህን አልበሙ አይሰጥም። በሌላ በኩል ማዳመጥ ብቻ የሚሻ ሰው አልበሙ ይበቃዋል፤ በ1999 የወጣው ሙሉ እትም የሁለቱንም ሌሊት ቅጂ ስለያዘ ከፊልሙ ይልቅ ይረዝማል።

«ዋትስታክስ» በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ ተቀረጸ፤ ሌላ የሚጋሩት ነገር ግን ጥቂት ነው። ኦገስት 20 ቀን 1972 የሜምፊሱ ስታክስ ሙዚቃ ቤት በ1965 በዋትስ የተነሣውን አመፅ ሰባተኛ ዓመት ለማሰብ በሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ድግስ አዘጋጀ። መግቢያው 1 ዶላር ስለነበር ከ100,000 በላይ ሰው ተገኘ። ዳይሬክተሩ ሜል ስቱዋርት መድረኩን ብቻ ማሳየት አልበቃውም። ስለ ፍቅር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ፖሊስ የሚወያዩ የሰፈሩን ሰዎች ቀረጸ፤ በየመሐሉም ቀልደኛው ሪቻርድ ፕራየር ገብቶ ያስቃል፣ ያሳምማልም። ፊልሙ በዕለቱ ስታዲየም ውስጥ ያልተቀረጹ ዘፈኖችንም ይጨምራል፤ ጆኒ ቴይለር የሚታየው በምሽት ክበብ፣ ዚ ኢሞሽንስ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ነው።

ዘፈን እንዳይቆረጥበት የሚፈልግ እዚህ ይናደዳል። እኔ አልናደድም፤ ከአምስቱ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ዘፋኙ ሩፎስ ቶማስ ነው። አጭር ሮዝ ቁምጣ ለብሶ መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ አጥር ጥሶ ወደ ኳስ ሜዳው ይጎርፋል። ሜዳውን መርገጥ ክልክል ነው። ሰውዬው በጨዋታ፣ በማባበል፣ በማሾፍ ያን ሁሉ ሰው ወደ መቀመጫው ይመልሳል። እንዲህ ያለ የመድረክ ብልሃት በሌሎቹ ውስጥ አላየሁም። ግዢ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ በ2003 የታደሰውን እትም ይፈልጉ፤ በባለቤትነት መብት ጣጣ ከመጀመሪያው እትም የተቆረጠው የዘፋኙ አይዛክ ሄይስ ማሳረጊያ የተመለሰው በዚህኛው ነው። ሁለተኛ፣ የፕራየር አፍ ልጆች ባሉበት ሳሎን የሚከፈት አይደለም፤ የጎዳና እንግሊዝኛ የማይከታተል ተመልካችም ግማሹን ፊልም ያጣል።

«ሶል ፓወር» ወደ ኪንሻሳ ይወስደናል። በሴፕቴምበር 1974 መሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራሲያዊት ኮንጎ) ውስጥ በቡጢ ሊጋጠሙ ሲሉ ከግጥሚያው ጋር የሦስት ሌሊት የሙዚቃ ድግስ ተሰናዳ፤ ካሰናዱት አንዱ ደቡብ አፍሪካዊው ሙዚቀኛ ሂዩ ማሴኬላ ነው። ፎርማን ልምምድ ላይ ዓይኑ አጠገብ ተጎድቶ ቡጢው ወደ ኦክቶበር 30 ሲገፋ ሙዚቃው በቀኑ ተካሄደ። ፊልሙ የወጣው በ2008 ነው። ጄምስ ብራውን፣ ቢ ቢ ኪንግ፣ ቢል ዊዘርስ፣ ሚሪያም ማኬባ፣ ሴሊያ ክሩዝ ሁሉም አሉ። ቢል ዊዘርስ ጊታሩን ታቅፎ ብቻውን የሚዘፍንበት ክፍል ብቻ ዋጋውን ይመልሳል። ቅሬታዬ ሁለት ነው። ፊልሙ የመድረክ ግንባታ፣ የገንዘብና የመጓጓዣ ጭንቀት እያሳየን ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሲደርስም ሰፊውን ቦታ ለአሜሪካውያኑ ይሰጣል። የኮንጎዎቹን ሙዚቀኞች ፍራንኮንና ታቡ ሌይን ፈልጎ የሚገዛው ያዝናል፤ ለእርሱ በ2017 የአፍሪካውያኑን ቅጂ ለብቻው ይዞ የወጣው አልበም ይሻለዋል።

በምስል ጥራት ሁሉንም የሚያስከነዳው የማርቲን ስኮርሴዚ «ዘ ላስት ዋልትስ» ነው። ዘ ባንድ የተባለው የሮክ ቡድን ኖቬምበር 25 ቀን 1976 በሳን ፍራንሲስኮ ያቀረበው የስንብት ኮንሰርት ሲሆን የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ መብራቱና የካሜራ እንቅስቃሴው አስቀድሞ ታቅዶ ነው። እንዲያም ሆኖ የዘመናዊው ቺካጎ ብሉዝ አባት መዲ ዋተርስ መድረክ ላይ ሲወጣ ሌሎቹ ካሜራዎች ፊልም ሊቀይሩ ቆመው አንዱ ብቻ ይሠራ ነበር። ያ አንድ ካሜራ ከፊቱ ሳይነቀል የቀረጸው የፊልሙ ምርጥ ክፍል ሆነ። የሚያሰለቸኝ በየዘፈኑ መሐል የገባው ወሬ ነው። ጊታሪስቱ ሮቢ ሮበርትሰን በዝቶ ይናገራል፤ ድራሙን የሚመታው ሊቮን ሄልምም በኋላ በዚሁ አማርሯል። ሮክ ለማይወድ ሰው አልመክረውም።

የቦብ ማርሊ «ላይቭ አት ዘ ሬንቦው» ደግሞ ወሬ አያበዛም። በጁን 1977 ለንደን ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ማርሊ በዲሴምበር 1976 ኪንግስተን ውስጥ የግድያ ሙከራ ተደርጎበት አገሩን ለቆ የነበረበት ጊዜ ነው። ዘፈን በዘፈን ላይ ይቀጥላል። የባሬት ወንድማማቾች ቤዝና ድራም፣ የሪታ ማርሊ፣ የጁዲ ሞዋትና የማርሻ ግሪፊትስ ድምፅ ሳይቆራረጥ ይሰማል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ግጥሙ የተወሰደው ዘፈንም ከእነዚህ መካከል አለ፤ ለእኛ ተመልካች ይህ ብቻውን ያስገዛል። የመድረኩ መብራት ደብዘዝ ያለ ነው፤ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ አስደናቂ ምስል አይጠብቁ።

በአጭሩ፣ ዘፈኑን ለሚሻ አሬታና ማርሊ፤ ዕለቱን ለሚሻ «ዋትስታክስ» ቀድሞ «ሶል ፓወር» ይከተል። ለእናት የሚሰጥ ስጦታ ከሆነ አሬታ፣ ያለ ጥርጥር።

ስለ ዲስክ አንድ የማይዘለል ነገር አለ። ዲቪዲ በዓለም ክልል ተከፋፍሎ ይሸጣል። የአሜሪካው ክልል 1 ነው፤ የአውሮፓ፣ የእስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፤ ኢትዮጵያ 5 ውስጥ ናት። ስለዚህ ዋሽንግተን የተገዛ ዲስክ አዲስ አበባ ባለው ማጫወቻ እምቢ ሊል ይችላል። ብሉሬይ ላይ ነገሩ ይቀልላል፤ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ በአንድ ላይ ክልል «ቢ» ናቸው፣ አሜሪካ ግን «ኤ» ናት። ከአሜሪካ ለቤተሰብ የሚልክ ሰው ሽፋኑ ላይ ለሁሉም ክልል እንደሚሠራ የተጻፈበትን ይምረጥ፤ ካላገኘ ደግሞ ተቀባዩ ያለው ማጫወቻ ሁሉንም ክልል የሚያነብ መሆኑን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ደውሎ ይጠይቅ።