ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ፦ መልቲሜትር ላይ የሚሰካ የኤሲ/ዲሲ ክላምፕ

ይህ ክላምፕ (ሽቦን በመንጋጋው አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) የራሱ ስክሪን የለውም። በሽቦው ዙሪያ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ በሆል ሴንሰር (መስክን ወደ ቮልቴጅ በሚቀይር ክፍል) አንብቦ ለእያንዳንዱ አምፔር 1 ሚሊቮልት ያወጣል፤ ቁጥሩን የሚያሳየው መልቲሜትሩ ነው። ኤሲም (ተለዋዋጭ ከረንት) ዲሲም (ቀጥተኛ ከረንት) እስከ 400 አምፔር ይለካል፣ የሚሠራውም በ9 ቮልት ባትሪ ነው። ከ10 አምፔር በላይ ይታመናል። ከ2 አምፔር በታች ግን ዘዴ ካልተጨመረበት ያሳስታል። መመሪያው ላይ የተጻፈው ስህተት 3.5 በመቶ ሲደመር 0.5 አምፔር ነውና ትንሽ ከረንት ላይ ያቺ ግማሽ አምፔር ሁሉንም ትውጠዋለች።

የክላምፑ ጥቁር መሰኪያ የመልቲሜትሩ ኮም (COM) ቀዳዳ ላይ፣ ቀዩ ቮልት ላይ ይሰካል፤ አምፔር ቀዳዳ ላይ በፍጹም። መምረጫው ሚሊቮልት ላይ ይሁን። ብዙ መልቲሜትሮች እዚያ ላይ በዲሲ ስለሚጀምሩ ለኤሲ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል።

መንጋጋው ውስጥ የሚገባው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ፌዝና ኒውትራል (ከረንት የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) አብረው ከገቡ መስካቸው ይጠፋፋና ንባቡ ዜሮ ይሆናል። ለመፈተን የእንጀራ ምጣድ ጥሩ ነው፦ 3.5 ኪሎዋት የሆነው በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ስለዚህ 16 ሚሊቮልት ይጠበቃል። 13.7 ካሳየ ክላምፑን ከመጠርጠር በፊት ቮልቴጁ ይለካ፤ ወደ 190 ከወረደ ምጣዱ በእርግጥም የሚስበው ያንን ያህል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲሲ ላይ ነው። ዜሮው (ሽቦ ሳይታቀፍ የሚታየው ንባብ) በሙቀትም፣ በአቅጣጫም፣ አጠገቡ ባለ ብረትም ይንሸራተታል። መንጋጋውን ዘግቶ፣ የሚለካው ሽቦ አጠገብ በዚያው አቅጣጫ ይዞ ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያ ማቀፍ። አሁንም ጥርጣሬ ካለ ክላምፑን ገልብጦ እንደገና መለካት ይበጃል፤ አንዴ 7.4፣ ሲገለበጥ ደግሞ ‑6.8 ካለ እውነተኛው 7.1 ነው። ከሞተሪኖ ልኬት በኋላ ኮሩ (መንጋጋው ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ እምብርት) ማግኔት ይዞ ስለሚቀር መንጋጋውን ደጋግሞ ከፍቶ መዝጋትና ዜሮውን ማደስ ግድ ነው።

የቆመ መኪና ባትሪውን የሚጨርስበትን ከረንት በዚህ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። 50 ሚሊአምፔር ማለት 0.05 ሚሊቮልት ነው፣ መልቲሜትሩ አያየውም። ለዚያ በተከታታይ የሚገባው የመልቲሜትሩ የራሱ አምፔር ቀዳዳ ይሻላል። ግማሽ አምፔር አካባቢ ከሆነ ግን ቀጭኑን ሽቦ በመንጋጋው ውስጥ 10 ጊዜ አሳልፎ ንባቡን ለ10 ማካፈል ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

መንጋጋው ሲገጥም አቧራ ወይም ግራሶ መሃል ከገባ ንባቡ ይቀንሳል፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ዜሮው አልገባ ካለ መጀመሪያ የሚቀየረው ባትሪው ነው። ከሁሉ በላይ ይህን ልብ ይበሉ፦ ክላምፑ ጠፍቶ ሳለ መልቲሜትሩ ዜሮ ያሳያል። ስለዚህ ዜሮ አይታመን፤ ሽቦ ከመንካት በፊት ቮልቴጅ በመልቲሜትሩ የመለኪያ ዘንጎች ይረጋገጥ።