በዚፕሎክ ከረጢት የሚሸጥ የ44 ማግነም ጥይት እንዳትገዙ

ወገን፣ በተለይ ቴክሳስ ያላችሁ አዳኞች፣ ይቺን አንብቡና ሽጉጥ ይዞ አደን ለሚወጣ ጓደኛችሁ ላኩለት። በጋን ሾው (የጦር መሣሪያ ባዛር) ጠረጴዛዎች ላይ በዚፕሎክ ከረጢት የሚሸጥ የ44 ማግነም፣ የኃይለኛ ሽጉጥ ጥይት አለ። ሪሎድ ነው። የተተኮሰ ቀለሃ ተሰብስቦ ሌላ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ከቀለሃው ሥር ያለ ትንሽ ቆብ)፣ ሌላ ባሩድና ሌላ አረር ይገባለትና እንደገና ጥይት ይሆናል ማለት ነው። ዋጋው የሱቁ ግማሽ ነው። በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ጉዳዩን ያየሁት በአንድ ወዳጄ በኩል ነው። ሪቮልቨሩን፣ ማለትም ጥይቶቹ በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚደረደሩበትን ሽጉጥ፣ የገዛው ለዱር አሳማ ነው። (እኛ ባንበላውም የዱር አሳማ ቴክሳስ ውስጥ ማሳውን እየገለበጠ ገበሬውን አስመርሯል፤ ባለመሬቱ «ግቡና ተኩሱ» የሚለው ከልቡ ነው።) የ44 ማግነም ጥይት ሱቅ ውስጥ አንዷ ፍሬ ከዶላር በላይ ናት። እንዲህ የሚራገጥ ሽጉጥ ደግሞ ሳይለማመዱበት ጫካ ይዘውት የሚገቡት አይደለም፣ ስለዚህ ገና አደን ሳይጀመር በልምምድ ብቻ ኪስ ይራቆታል። ልጁ ግማሽ ዋጋ ሲያይ አላመነታም። ሻጩ ሽበታም፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው። «ለራሴ የሠራሁትን ነው የምሰጥህ፣ እኔም በዚሁ ነው የማድነው» አለው። ከረጢቱ ላይ በማርከር «44 ማግ፣ 240» ከሚለው በቀር ምንም አልተጻፈም። ምን ባሩድ? ስንት? መቼ? ማን ሞላው? የለም።

ደግነቱ ጥይት እንደምሞላ ስለሚያውቅ ከመተኮሱ በፊት «እስቲ እየው» ብሎ ይዞልኝ መጣ።

መጀመሪያ አረሩን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳዞረው የሚዞር አገኘሁ። ይሄ ብቻውን በቂ ነበር። በደንብ በተሠራ ጥይት የቀለሃው አፍ ወደ አረሩ ጎድጓዳ መስመር ታጥፎ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ በጣት ንቅንቅ አይልም። ሪቮልቨር ሲተኮስ ሽጉጡ በኃይል ወደ ኋላ ስለሚረግጥ ሲሊንደሩ ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁት ጥይቶች ላልተው ከሆነ አረራቸው ወደ ፊት ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ሲሊንደሩ አይዞርም። ይሄ እንግዲህ አሳማው ወደ እናንተ ዞሮ ሲመጣ ሊሆን ይችላል።

ቀጥለን መንቀል ጀመርን። መንቀያው መዶሻ የሚመስል የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ጥይቱን ውስጡ አስገብታችሁ ጠንካራ እንጨት ላይ ስትመቱት አረሩና ባሩዱ ይዘረገፋል። የእያንዳንዱን ባሩድ ነጭ ወረቀት ላይ ለየብቻ አፈሰስነው። ከአንድ ከረጢት የወጣ ነው፣ ግን ዓይነቱ ሁለት ነው። አንዱ እንደ ጤፍ ፍሬ ድቡልቡል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ቅርፊት። ቀጠልን። አንዱ ቀለሃ ባዶ ሆኖ ተገኘ፣ ባሩድ የሚባል ነገር የለውም። ሌላኛው ደግሞ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው የጎረቤቶቹን እጥፍ ይዟል። ወዳጄ ዝም ብሎ እጁን ሲያይ ነበር።

ባዶው ቀላል ይመስላል እንዴ? አይደለም። ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ በርሜል ውስጥ ሊወትፈው ይችላል። ድምፁ «ፕፍ» ይላል፤ ሰውየው ከሸፈ ብሎ እንደገና ቃታ ሲስብ የሚቀጥለው አረር መንገድ ላይ ሌላ አረር ያገኛል፣ በርሜሉም ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ደከም ያለ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ጥይቱ የማንም ይሁን፣ ቁሙ። ሽጉጡን አራግፉና በርሜሉን እዩ።

እጥፉ ግን የባሰው ነው። ቶሎ የሚነዱ ባሩዶች ጥቂታቸው ብዙ ስለሚሠራ የ44 ማግነም ቀለሃ ውስጥ ከታች ትንሽ ቦታ ነው የሚይዙት። ሁለቴ ቢጨመርም አይፈስስም፣ አረሩም ያለ ችግር ይገባል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። የጥይትና የጦር መሣሪያ ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ አምራቾች ተቋም፣ ሳሚ የሚባለው፣ ለ44 ማግነም ያስቀመጠው የግፊት ጣሪያ 36,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። የእንዲህ ዓይነት ባሩድ እጥፍ ይህን ጣሪያ ጥሶ ሲሊንደሩን ሊሰነጥቀውና ብረቱን ወደ ተኳሹ ፊትና አጠገቡ ወደቆመው ሰው ሊበትነው ይችላል።

«ሙሉ ጥይቱን ሚዛን ላይ አስቀምጬ እለየዋለሁ» የሚል አይጠፋም። አትለዩትም። ባሩድም አረርም የሚመዘነው በግሬን ነው፣ አንዱ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ። 240 ግሬን የሚባል አረር አንዱ ካንዱ ትንሽ ይለያያል፣ ከተለያየ ፋብሪካ የተለቃቀመ ቀለሃ ደግሞ በግሬኖች ይበላለጣል፤ የባሩዱ ልዩነት እዚያ መሃል ይደበቃል። መንቀል ነው መፍትሔው፣ ሁሉን ከነቀላችሁ ደግሞ ምን ገዛችሁ?

45 ኮልት የሚባለውን የቆየ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ያላችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የ45 ኮልት መደበኛ ጣሪያ 14,000 ፒኤስአይ ብቻ ነው፣ ድሮ ለተሠሩ ሽጉጦች ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የተያዘ። ሆኖም የመሙያ መጻሕፍት እንደ ሩገር ብላክሆክ ላሉ ጠንካራ ሽጉጦች ብቻ የሚሆን ከፍ ያለ ሠንጠረዥ ለብቻ ያወጣሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለሃ ነው፣ መልካቸው አንድ ነው። ሻጩ ለራሱ ሩገር የሞላውን ከረጢት ውስጥ ከቶ ሲሸጥላችሁ እናንተ ደግሞ የአያት ዘመን ሽጉጥ ውስጥ ትከቱታላችሁ። 454 ካሱል በሚባለው ከሁለቱም በሚበረታው ጥይት ላይ ደግሞ ጣሪያው 65,000 ነው፣ እዚያ የማታውቁት ሰው ግምት ውስጥ መግባት እብደት ነው።

«ባሩዱን ቀንሼ ነው የሞላሁት፣ አይጎዳም» የሚል ሻጭም አለ። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለማግነም ሪቮልቨር በጣም ከሚወደዱት ባሩዶች አንዱ ኤች 110 ነው፤ 296 ተብሎ የሚሸጠውም ያው እሱ ነው። አከፋፋዩ ሆጅደን ከመጽሐፉ መጠን ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ ያስጠነቅቃል፣ ሲያንስ በትክክል ላይቀጣጠል ስለሚችል። «ቀነስኩልህ» የሚለው ሰው ይህን ካላወቀ ምንም አያውቅም።

ስለ ሕጉ። አሜሪካ ውስጥ ለራስ ጥይት መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም። ለገበያ እያመረቱ መሸጥ ግን የጦር መሣሪያ ከሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከኤቲኤፍ፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ዓይነት 06 ይባላል፣ ክፍያው ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። 30 ዶላር! ይቺን ያላወጣ ሰው ጥይቱ ላይ ምን ያህል ይጠነቀቃል? ፈቃድ ኖሮት ቀለሃ እንደገና የሚሞላ ድርጅት ሌላ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ስም፣ አድራሻና የምርት ቁጥር አለው፣ ችግር ቢመጣ የሚጠየቅ አለ። በተረፈ የሽጉጣችሁን መመሪያ መጽሐፍ ገልጣችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ አምራቾች በሪሎድ ጥይት ለደረሰ ጉዳት አንጠየቅም ብለው ጽፈዋል። ሽጉጡ ከተሰነጠቀ ኪሳራው የራሳችሁ ነው።

ወዳጄ ለሻጩ ደውሎለት ነበር። መጀመሪያ «ሌላ ሰው ምንም አላለኝም» አለ፣ ኋላ ስልኩን አላነሳም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሌላም ሁለት ነገር ልጨምር። የተከፈተ የባሩድ ጣሳ ከማንም አትግዙ፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው ስም ውስጡ ስላለው ባሩድ ማረጋገጫ አይደለም። ፕራይመር ሲጠፋ ደግሞ በርካሽ አለን የሚሉ ድረ ገጾች እንደ አሸን ይፈላሉ። ፕራይመርና ባሩድ በፖስታ ሲላክ አደገኛ ዕቃ ስለሆነ እውነተኛ ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ የሃዝማት (የአደገኛ ዕቃ) ክፍያ ያስከፍላሉ። ማድረሻው ነጻ ነው የሚል፣ ካርድ የማይቀበል፣ በዜል ወይም በቢትኮይን ብቻ ክፈሉ የሚል ካያችሁ በቃ፣ ሊበላችሁ ነው።

ወጪው ከከበዳችሁ ራሳችሁ ሙሉ። አንድ በአንድ የሚሠራ ፕሬስ (የጥይት መሙያ መሣሪያ)፣ ሚዛን፣ ሁለት የታወቁ የመሙያ መጻሕፍት። መጠኑን ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ ወይም ከቪዲዮ አትውሰዱ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር። የምትመርጡት ባሩድ ቀለሃውን ከግማሽ በላይ የሚሞላ ይሁን፣ ሁለቴ ከጨመራችሁ ሞልቶ እንዲፈስና እንድታዩት። አረር ከመግባቱ በፊት ቀለሃዎቹን ደርድራችሁ በእጅ ባትሪ አንድ በአንድ ውስጣቸውን እዩ። ቢራው ከሥራው በኋላ ይደርሳል። በነገራችን ላይ በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ፣ የፌዴራሉ ሕግ እንደ ፀና የአደን ፈቃድ ያለ ነገር ካልያዛችሁ በስተቀር ሽጉጥ ብቻ ሳይሆን ጥይት መያዝንም ይከለክላችኋል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።

ይሄንን ጥይት አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ለሌላ ሰው አትሽጡ፣ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፣ እሳት አጠገብም አታድርሱት። የከረጢቱን ፎቶ አንሱና የአካባቢያችሁን ፖሊስ በድንገተኛ ባልሆነው ቁጥር ደውላችሁ የት እንደሚረከቡ ጠይቁ፤ አንዳንድ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎችም ይቀበላሉ። ከነቀላችሁት ደግሞ አረሩና ደህናው ቀለሃ ይጠቅማችኋል። ባሩዱን ግን ምን እንደሆነ ስለማታውቁ መልሳችሁ አትሙሉበት።