የድሮ ሳይክል ፍሬን፦ ይቀየር ወይስ ይስተካከል?

የድሮ ሳይክል አልቆም ሲል ሰው ቶሎ የሚፈርደው በፍሬኑ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ቸርኬውን ነው። ክሮም የተለበጠ ብረት ከሆነ የፈለጋችሁትን ፍሬን ግጠሙለት፣ ዝናብ ሲነካው ጉድ ይሠራችኋል። እጀታውን ጭምቅ አድርጋችሁ ይዛችሁም ሳይክሉ ዝም ብሎ ይሄዳል። የአሉሚኒየም ቸርኬ እርጥብ ሲሆንም በብዙ ይሻላል። እዚህ የማወዳድራቸውን ሁሉ ያየሁት በአሉሚኒየም ላይ ነው።

ሁለቱም ክንዶቹ በአንድ ብሎን ላይ የሚዞሩት የጎን ፍሬን፣ ለምሳሌ የድሮው ቫይንማን፣ ያለ ጥፋቱ ስሙ ጠፍቷል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኞቹ የደረቀ የፍሬን ጎማና የዛገ ካቦ ናቸው። ፊት ለፊት ሁለት ዳዶ አለው። ውስጠኛውን ክንዶቹ ሳይላሉ፣ ግን በነፃነት እስኪዞሩ ድረስ ጥበቁት። ከዚያ ውጪኛውን በላዩ ቆልፉበት። በአንድ ወገን ቸርኬውን እየነካ ካስቸገረ በመዶሻ አትቀጥቅጡት፤ ሞላው የተያዘበትን ክፍል በቀጭን ቁልፍ ይዛችሁ ወደ ጎን አዙሩት። ደግሞ አንድ ደግነት አለው፦ ቸርኬው ትንሽ ቢዛነፍ አብሮት ወዲያ ወዲህ ይላል።

የፈረንሳዩ ማፋክ ሬሰር ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። እያንዳንዱ ክንድ የራሱ ማዞሪያ አለው፣ ካቦው ከመሃል ወደ ላይ ይስባቸዋል። በደንብ ሲስተካከል አያያዙ ዛሬም ያስደንቃል። የፍሬን ጎማው በፈለጋችሁት አቅጣጫ ይዘነበላል፤ ይኼ ጥሩም መጥፎም ነው፣ ምክንያቱም አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይሸሻል። ትዕግሥት የሌለው ሰው አይንካው። እና ይጮኻል! ሰፈር ያስነሳል። መፍትሔው የጎማው የፊት ጫፍ ከኋላው ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ማድረግ ነው፣ የ1 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ይበቃል። ብሎኑን ስታጠብቁ ከጎማው የኋላ ጫፍ ሥር የታጠፈ ካርቶን አስገቡ፣ ሲጠብቅ አውጡት። ጎማው በማይዘነበልባቸው ፍሬኖች ላይ ክንዱን በቁልፍ የሚያጣምሙ አሉ። እኔ አልወደውም። ጎማውን ራሱን በሞረድ ማስተካከል ይቀለኛል።

ከአዲሶቹ የወደድኩት ቴክትሮ አር559 ነው። ሁለት ማዞሪያ ስላለው ለእጅ ቀላል ነው፣ በሁለት ጣት ያቆማል። ክንዱ ከ55 እስከ 73 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ የድሮ ሳይክሎች ላይ ይሆናል። የድሮውን የ27 ኢንች ቸርኬ 700 በሚባለው መጠን ለቀየረ ሰው ደግሞ ጠቃሚ ነው፤ ዲያሜትሩ ከ630 ወደ 622 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ የፍሬን ጎማዎቹ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለባቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ከፍሬኑ ብሎን ቀዳዳ መሃል የፍሬን ጎማው ቸርኬው ላይ እስከሚያርፍበት መሃል ለኩ፤ ከ55 እስከ 73 ውስጥ መሆን አለበት። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ጎማዎቹ ቸርኬውን ተጠግተው መቀመጥ ስላለባቸው የተዛነፈ ቸርኬን አይታገስም። መጀመሪያ ቸርኬውን አቅኑ።

ቪ ብሬክን፣ ማለትም ሁለት ረጃጅም ክንዶቹ ከቸርኬው ግራና ቀኝ የሚቆሙትን ፍሬን፣ ከድሮ እጀታ ጋር አታጋቡት። ሁለት እጥፍ ያህል ካቦ መሳብ ይፈልጋል፣ እጀታው ማኑብሪዮው ጋ ደርሶ ያልቅበታል።

ከሁሉም በላይ ለውጥ ያየሁት ግን ኩል ስቶፕ ሳልሞን በሚባለው የፍሬን ጎማ ነው። ብርቱካንማው ነው፣ ዝናብ ላይ ጥቁሮቹን በብዙ ይበልጣል። የአሉሚኒየም ቅንጣት ቶሎ አይሰካበትም፣ ቸርኬም አይፍቅም። ስትገጥሙት ከፍ ብሎ የሳይክሉን ጎማ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ ይበላዋል። ካቦውንም ከነሽፋኑ ቀይሩት። የማርሽ ካቦ ሽፋን ለፍሬን አትጠቀሙ፣ ጠንክራችሁ ስትይዙ ሊፈነዳ ይችላል።

እና ልግዛ ወይስ አልግዛ ለሚለኝ፦ መጀመሪያ ጎማና ካቦ። ካልበቃ ከፊት ቴክትሮውን፤ ትልቁን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ስለሆነ አሮጌው ከኋላ ይቆይ። ስታዝዙ ግን ከሹካው ውጪ በተራ ዳዶ የሚታሰረውን ዓይነት ጠይቁ። አዳዲሶቹ ሳይክሎች ላይ ያለው ቀዳዳው ውስጥ የሚሰምጥ ዳዶ አሮጌ ሹካ ላይ ሳይበሱት አይገባም።