የብላክበርኑን ሸማኔ ከጅማ ሆኖ መፈለግ፦ የነጻ የዘር ፍለጋ ድረ ገጾች ግምገማ

ፋሚሊሰርችን፣ ፍሪቢኤምዲን እና የእንግሊዝና ዌልስን ጠቅላላ የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ማውጫ ጎን ለጎን ተጠቅሜባቸዋለሁ። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የመጨረሻውን እመርጣለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው መዝገብ ቤት ውስጥ ስለሆነ ገጹ ማማሩ አያስደንቀኝም፤ የምጠይቀው ማን ጻፈው፣ ከምን ገለበጠው፣ መቼ ጻፈው የሚለውን ነው።

ሥራውን ያመጣችብኝ የእኅቴ ልጅ ናት። እንግሊዝ አገር አግብታ ትኖራለች፤ ባሏ ከአያቱ በላይ ያለውን ዘሩን አያውቅም፤ ብቻ ቅድመ አያቶቹ በላንክሻየር፣ ብላክበርን ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች እንደነበሩ ሰምቷል። «ጋሼ፣ እርስዎ መዝገብ ሲያገላብጡ ነው የኖሩት፤ ለልጆቹ ይፈልጉላቸው» አለችኝ። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት በቃሉ የሚቆጥር ሽማግሌ ማግኘት አይቸግርም፤ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። እንግሊዞቹ ምዝገባውን የጀመሩት ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪቢኤምዲ በጎ ፈቃደኞች የዚያኑ የምዝገባ ጽሕፈት ቤት የድሮውን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማውጫ እየተየቡ ያቆሙት ነው። ጌጥ የለውም፤ ስለዚህ የጅማ ኢንተርኔት ሲደክም እንኳ ይከፈታል። ስሙን፣ ሩብ ዓመቱን፣ የምዝገባ ወረዳውን፣ ቅጹንና ገጹን ይሰጣል። ለጋብቻ ፍለጋ የሚስተካከለው የለም፤ በአንድ ገጽ ላይ የሰፈሩትን ሙሽሮች ሁሉ አብሮ ያሳያል። ለልደት ግን ደካማ ነው። የድሮው ማውጫ የእናትን የልጅነት ስም መያዝ የጀመረው በ1911 ስለሆነ፣ የቤተሰብ ስሙ የተለመደ ሰው ሲያጋጥም በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ በብላክበርን ብቻ ብዙ ሕፃናት ይደረደራሉ፤ የትኛው የእናንተ እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም።

ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ኋላ ያዘጋጀው አዲሱ ማውጫ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የእናትየውን የቀድሞ ስም ከ1837 ጀምሮ አስገብቷል፤ የሟቹንም ዕድሜ እንዲሁ። መመዝገብ ነጻ ነው። የቤተሰቡን ስም፣ የእናትየውን የቀድሞ ስምና ወረዳውን አስገብቶ ዓመቱን እየቀያየሩ መፈለግ ይቻላል። ያገኘሁትን ልንገራችሁ። በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ላይ የእኛ ሸማኔ ከሦስት ልጆች ጋር ተቆጥሯል፤ ሚስቱም የጥጥ ሸማኔ ናት፤ ብላክበርን ውስጥ ያገባች ሴት በፋብሪካ መሥራቷ የተለመደ ነበር። ትልቋ ልጅ ግማሽ ቀን ፋብሪካ፣ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት የምትውል ናት። በልደት ማውጫው ግን የዚህች እናት ልጆች ሰባት ናቸው። አራቱ በአንድ ቆጠራና በሚቀጥለው መካከል ተወልደው የሞቱ ናቸው። ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ ስለሆነ አንዱም ቆጣሪ አላያቸውም። አማቻችን ይህን ስነግረው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ማስጠንቀቂያም አለኝ፤ በወራት የተጻፈ የሕፃን ዕድሜ በማውጫው እንደ ዓመት የገባበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ልደቱንና ሞቱን ሳያስተያዩ አይመኑ።

ፋሚሊሰርችን የሚያስተዳድረው የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። የ1881 ቆጠራ ሙሉ ግልባጭ አለው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ሆኖም የቆጠራን ወረቀት ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 1901 ድረስ ያሉት መጻሕፍት ቆጣሪው ከየቤቱ ቅጽ የገለበጣቸው ናቸው። ማንበብ የማይችል ሰው ተናገረ፣ ቆጣሪው እንደሰማው ጻፈ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በጎ ፈቃደኛው እንዳነበበው ተየበ። የቤተሰብ ስም በዚህ መንገድ አልፎ ሳይቆስል አይደርስም። ስለዚህ የቤተሰብ ስሙን ትቼ በመጀመሪያ ስም፣ በትውልድ ስፍራና በሚስት ስም እፈልጋለሁ። የ1841ዱ ቆጠራ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ ያለውን ሰው ዕድሜ ወደ አምስት ብዜት ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነም አይናገርም። ዝምድናና የትውልድ ደብር የሚገኘው ከ1851 ጀምሮ ነው። በድረ ገጹ ላይ ያለው የጋራ የዘር ዛፍ ማንም ገብቶ የሚያርመው በመሆኑ ለእኔ ማስረጃ ሳይሆን ወሬ ነው። አንዳንድ የመዝገብ ምስሎችም የሚታዩት በእነርሱ ማዕከላት ብቻ ስለሆነ እዚህ ሆኖ መክፈት አይቻልም።

ላንክሻየርን ለሚፈልግ ሰው ብቻ የሚጠቅም አራተኛ ድረ ገጽም አለ፤ ላንክሻየር ኦንላይን ፓሪሽ ክለርክስ ይባላል። የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችን በነጻ ገልብጦ ያቀርባል። ጋብቻውን ያገኘሁት በእርሱ ነው፤ ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ስም አጠገብ በቅንፍ የመስቀል ምልክት አለ፤ ሁለቱም መፈረም አይችሉም ነበር ማለት ነው። የሁለቱም አባቶች ስምና ሥራ ተጽፏል፤ ያ ነው ወደ ቀጣዩ ትውልድ ያሻገረኝ።

ገንዘብ የሚወጣበት ነገር የምስክር ወረቀት ነው። የሚወጣበትም ዋጋ አለው፤ የሞት ምክንያትን የሚነግር ማውጫ የለምና። በፒዲኤፍ ማዘዝ ከወረቀቱ ይረክሳል፣ ጅማም እስኪደርስ አይጠበቅም። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ የእኅቴ ልጅ ከዚያው ትከፍላለች።

ስሙን የማልጠራው አንድ የሚከፈልበት ድረ ገጽም ነበር። የሙከራ ጊዜ በነጻ ብሎ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀኑ ሲያልፍ የዓመቱን ሙሉ ክፍያ ከእኅቴ ልጅ ሒሳብ ቆረጠ። ያገኘንበት የ1871 ቆጠራ ምስል ጥሩ ነበር፤ አልክድም። ካርድ የምትሰጡ ግን የመሰረዣውን ቀን በዚያው ዕለት ግድግዳ ላይ ጻፉ።