ነጻ የዲዛይን ሶፍትዌር ለሚሠሩልን ሰዎች ምስጋና፣ ለጀማሪ ወጣቶች ደግሞ ጥቆማ

ዲዛይነር መሆን የሚፈልግ ወጣት ችሎታው ከመታየቱ በፊት ገንዘብ ይጠየቃል። ሶፍትዌሩ በየወሩ ይከፈልበታል፣ ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ክፍያውም ያለ ባንክ ካርድ አይሆንም። ይህ ሁሉ የሌለው ልጅ ወይ ሙያውን ይተወዋል፣ ወይ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ሲጭን ቫይረስም አብሮ ይጭናል። ኢንክስኬፕ፣ ጊምፕ፣ ክሪታ፣ ስክራይበስና ፔንፖት የተባሉትን ነጻ ፕሮግራሞች የሠሩና ዛሬም የሚያሻሽሉ ሰዎች ይህን አጥር አፍርሰውልናል። ከልብ እናመሰግናቸዋለን። ለምታውቁት ወጣት ሁሉ ንገሩልን።

ለሎጎና በመስመርና በቅርጽ ለሚሳል (ቬክተር) ሥራ ሁሉ ኢንክስኬፕ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሶዲፖዲ ከሚባል ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ለንግድ ሥራ ብትጠቀሙበትም ማንም አይጠይቃችሁም። የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ሳይጫን የሚሠራውን የታጨቀ ቅጂ አውርዶ ፍላሽ ላይ ይፍታው፤ በጋራ ኮምፒውተር ላይ የመጫን ፈቃድ ባይኖረውም ከፍላሹ ይከፍተዋል። ሥራው ግን ፍላሹ ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ በሌላ ቦታም ቅጂ ያስቀምጥ። ለፎቶ ጊምፕ፣ ለእጅ ሥዕል ክሪታ አሉ። ለአፕና ለድረ ገጽ ገጽታ ፔንፖት በብሮውዘር ይሠራል፤ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ግን ያስቸግራል።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው ማተሚያ ቤት ሲደርስ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኢንክስኬፕ በዋናነት የሚሠራው በስክሪን ቀለም፣ ማለትም በአርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን) ነው፤ ማተሚያው ደግሞ የሚሠራው በአራት ቀለም፣ በሲኤምዋይኬ (ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሥራውን በኤስቪጂ (የኢንክስኬፕ የፋይል ዓይነት) አስቀምጦ ለኅትመት ገጽ በሚያዘጋጀው ስክራይበስ ውስጥ ማስገባት ነው። ከዚያ በፊት ኢንክስኬፕ ላይ ጽሑፉን በሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ ወደ ቅርጽ ቀይሩት፤ አለበለዚያ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ይለወጣል። ከተቀየረ በኋላ ስለማይታረም ዋናውን ፋይል ሳትነኩ በቅጂው ላይ ሥሩ። ብዥታና ጥላ ያለበት ክፍል ስክራይበስ ሲገባ ስለሚበላሽ ያንን ብቻ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የፒኤንጂ ምስል አድርጋችሁ አውጡት።

ስክራይበስ ላይ አዲስ ገጽ ስትከፍቱ በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ከገጹ ጠርዝ ውጭ የሚተርፍ፣ ኋላ የሚቆረጥ ክፍል) ስጡት፣ የጀርባ ቀለሙንም እስከዚያ ድረስ ዘርጉት። ካልተዘረጋ ወረቀቱ ሲቆረጥ በጠርዙ ነጭ መስመር ይቀራል። ፎቶ ሙሉ ኤ4 እንዲሸፍን ከተፈለገ ቢያንስ 2480 በ3508 ፒክስል፣ ከብሊዱ ጋር ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ያስፈልጋል። ደቃቅ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በሲኤምዋይኬ 0፣ 0፣ 0፣ 100 ይሁን፤ ከአራት ቀለም የተቀመመ ጥቁር የየቀለሙ ማተሚያ ሳህኖች ትንሽ ሲዛነፉ ፊደሉን ያደበዝዘዋል። በመጨረሻ ፒዲኤፍ ስታወጡ በቀለም ገጹ ላይ ያለውን ምርጫ ከስክሪን ወደ ፕሪንተር መቀየር እንዳትረሱ፤ ካልነካችሁት የሚያወጣው ለስክሪን ነው፣ ልፋታችሁም ከንቱ ይቀራል። የሰነዱን ብሊድ እንዲጠቀምም ምልክት አድርጉበት።

ፎንት ስትመርጡ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ (የነጻ ፎንት ፈቃድ) ያለውን ውሰዱ። ለደንበኛ ሥራ በነጻ ይፈቀዳል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን ክልክል ነው። ለስክሪን የምትሠሩት ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ያለው ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ከዚህ ካነሰ ዓይኑ የደከመ ሰው አያነበውም።

ለፖርትፎሊዮ (ለቀጣሪ ለምታሳዩት የሥራ ስብስብ) ሦስት ወይም አራት የተሟሉ ሥራዎች ከሃያ የተበታተኑ ፖስተሮች ይበልጣሉ። በእያንዳንዱ ሥር ችግሩ ምን እንደነበር፣ የትኛው ሐሳብ ለምን እንደተጣለ በሁለት መስመር ጻፉ። ሎጎውን በጣም ትንሽ በሆነ የ16 ፒክስል መጠንና በጥቁርና ነጭ አሳዩት፤ ገምጋሚው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቀጣሪዎችንም እንለምናለን። ማስታወቂያችሁ ላይ የአንድ ፕሮግራም ስም ጽፋችሁ ግዴታ ስታደርጉት፣ ያንን መክፈል ያልቻለውን ሁሉ ሥራውን ሳታዩ ታስቀሩታላችሁ። «ለኅትመት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ማውጣት የሚችል» ብትሉ ይበቃል። የሙከራ ሥራ ከሰጣችሁ ክፈሉበት፣ ሦስት ወር በነጻ የሚያለማምዱም ይህን ያስቡበት፤ የትራንስፖርት ገንዘብ የሌለው ልጅ ነጻ ልምምድ ቢሰጠውም አይመጣም።

የእነዚህን ነጻ ፕሮግራሞች ሠሪዎች ለማገዝ ብር የሌላችሁ የፕሮግራሙን ምናሌ ወደ ቋንቋችሁ ተርጉሙ፣ ወይም ስሕተት ስታገኙ አስታውቁ። የፕሮግራሙን ቨርዥን፣ የኮምፒውተሩን ሲስተም፣ ምን ስትነኩ እንደተከሰተ በቅደም ተከተል፣ ምን ጠብቃችሁ ምን እንዳገኛችሁ ጻፉ፤ ስሕተቱ የሚታይበትን ትንሽ ፋይልም አያይዙ።